መሬቱን ተወው፣ አንተ የት ነበርክ?

ጎረቤቴ ሐጂ በእኔና በእሳቸው ግቢ መካከል ያለው አጥር አርባ ሳንቲም ወደ እሳቸው ገብቷል ብለው ካመኑ ስድስት ዓመት አለፈ። አጥሩን ያጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ቤቱን ስገዛ እዚያው ቆሞ ነው ያገኘሁት። ግን ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ፣ እውነቱን አውቄ ዝም ያልኩ ይመስላቸዋል። ከዚህች ነገር በቀር እንዋደዳለን። በረመዳን ሳምቡሳ ይልኩልናል፣ እኛም በዓውደ ዓመት ድፎ ዳቦ እንልካለን።

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ውስጥ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስልካቸውን ይዘው በዚያው በምንከራከርበት አጥር ላይ ብቅ አሉ።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት።»

(ጅማ ውስጥ ቶታል ስቴሽን፣ ማለትም የቅየሳ መሣሪያ፣ የተሸከመ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ያለኝ የሰርቬይንግ ዲፕሎማ ነው፤ ሰውን ማረም ከተውኩ ቆየሁ።)

ቲክቶክ ነበር። አንድ ሰውዬ የሚያስፈራ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ከሌላ ዓለም የተላከ መርከብ ወደ ምድር እየገሰገሰ ነው፣ ናሳም ፎቶውን ደብቋል ይላል። ሐጂ ሙሉ በሙሉ አላመኑትም። ግን ቡናቸው ገና ከዛፍ አልወረደም።

«የምትደርስ ከሆነ መቼ ነው? ለቀማው ሳያልቅ እንዳትመጣብን።»

«አትደርስም ሐጂ። ወደ እኛ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 10 ነው፤ ያን ቀንም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች።»

«ፀሐይስ ስንት ትርቃለች?»

«150 ሚሊዮን።»

«ታዲያ ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ እንግዳዋ የማውቀውን ግን ነገርኳቸው። 3አይ/አትላስ የምትባል ጅራታም ኮከብ ናት። አትላስ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ላይ ሆኖ ያገኛት የቴሌስኮፕ ስም ነው። «አይ» ኢንተርስቴላር ለሚለው ነው፣ በከዋክብት መካከል የምትጓዝ ለማለት፤ 3ቱ ደግሞ ሦስተኛዋ መሆኗን ይናገራል። የመጀመሪያዋ ኦሙአሙአ ናት፤ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሃዋይ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ታየች። ሁለተኛዋን ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጌናዲ ቦሪሶቭ የሚባል ሰው፣ ክራይሚያ ላይ ሆኖ፣ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ አገኛት። መስታወቱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ሁሉ መንግሥት፣ ያን ሁሉ በጀት ቀድሞ በራሱ ዕቃ ማየቱን ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ከሌላ ኮከብ መምጣቷ የታወቀው ከፍጥነቷና ከመንገዷ ቅርጽ ነው። የፀሐይ ቤተሰብ የሆነ ጅራታም ኮከብ ስንት ሺህ ዓመት ቢቆይም ዞሮ ይመለሳል፤ መንገዱ የተዘጋ ነው። የዚህችኛዋ መንገድ ክፍት ነው፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ይሄዳል እንጂ አይታጠፍም። ፀሐይ ሳትስባት በፊት እንኳ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሷ በስድስት ሰከንድ ትጨርሰዋለች። እኛ ጊቤን ወርደን፣ ወጥተን፣ ወልቂጤ ላይ ምሳ በልተን ስንደርስ ቀኑ አልቋል።

ሐጂ ይህን ሰምተው «ሱብሃነላህ» አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔም ብዙ ግድ አልሰጠኝም። የሳበኝ ኅዳር 5 የወጣ አንድ ዜና ነው። የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ፣ ማርስን ከሚዞር መንኮራኩሩ በተገኘ ልኬት የእንግዳዋን መንገድ ከበፊቱ ዐሥር እጥፍ አጥርቶ ማስላት እንደቻለ ተናገረ። ሁለቴ አነበብኩት። ይሄ የኔ ሥራ ነው! እኔ በየቀኑ በጭቃ ላይ የምሠራውን ሰዎቹ በማርስ ሰማይ ላይ ሠሩት።

ስምንተኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ ላስረዳት አጥሩ ዘንድ ወሰድኳት። አጥራችን ሃያ ሁለት ሜትር ነው። በአንዱ ጫፍ አቆምኳትና ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ያለውን የቴሌ ታወር እይ አልኳት።

«ከመስጊዱ ሚናራ በስተግራ ነው» አለች።

ወደ ሌላው ጫፍ ወሰድኳት። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችና ሳቀች። «አሁን ሚናራው ላይ ሊደርስ ነው! ታወሩ ሄደ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ የሄድሽው።»

ቅየሳ ማለት ይህ ነው። ከሁለት ቦታ ታያለህ፣ ሁለቱን ማዕዘን ትለካለህ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ታውቃለህ፣ ወንዝ ሳትሻገር የታወሩን ቦታ ትናገራለህ። ነገርየው በራቀ ቁጥር ግን ሃያ ሁለት ሜትርህ ትመነምናለች፤ ማዕዘኖቹ አንድ ይሆኑብሃል። ምድር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ሁሉ ወርዷ ወደ 12,700 ኪሎ ሜትር በሆነች አንዲት ኳስ ላይ ነው የተተከለው። መስከረም መጨረሻ ላይ እንግዳዋ ከእኛ ከ300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ትርቅ ነበር። ምድር ስለምትንቀሳቀስ ቀን በተቆጠረ ቁጥር መቆሚያችን ይለወጣል፣ ያም ይረዳል። ግን ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ፀሐይ በመካከል ገባች። እንግዳዋ ከፀሐይ ማዶ ሆና ጥቅምት 19 ቀን ወደ ፀሐይ በጣም ስትቀርብ ምድር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ በብርሃኑ ታውሮ ነበር። ጅማ እንኳ በደመና ነው የተከለልነው፤ ዝናቡ ገና አልወጣልንም ነበር።

ማርስ ግን ወዲያ ማዶ ነበረች። መስከረም 23 ቀን እንግዳዋ ከማርስ በ30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። በዚያ ቦታ ከእኛ ይልቅ ዐሥር እጥፍ ቅርብ የሆነ፣ የሚያየውም ከሌላ ጎን የሆነ ሰርቬየር አለ ማለት ነው።

ሰርቬየሩ ኤክሶማርስ ትሬስ ጋዝ ኦርቢተር ይባላል። ከማርስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራል። ካሜራውን የሠራው የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተሠራውም ከሥሩ ያለውን ብሩህ መሬት ለማንሳት ነው። እንግዳዋ ካሜራው ከለመደው ነገር ከዐሥር ሺህ እስከ መቶ ሺህ እጥፍ የደበዘዘች ነበረች። ቀን ፀሐይ ላይ ቡና እንዲያሰጣ የተቀጠረን ልጅ በሌሊት ያለ ባትሪ አንዲት ፍሬ ፈልግ እንደ ማለት ነው። ካሜራው ግን ዓይኑን እስከ አምስት ሰከንድ ከፍቶ መቆየት ይችላል፤ እሱ አዳነው። ወንድሙ ማርስ ኤክስፕረስም በዚያው ሰሞን ወደዚያው ዞሮ ነበር፣ የእሱ ካሜራ ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ መቆየት ስለማይችል ወዲያው ሊያሳያት አልቻለም።

የወጣው ፎቶ ምን ይመስላል? ነጭ ነጥብ። በጥቁር ላይ ቀስ ብላ የምትሄድ፣ ጠርዟ የተበተነ ነጭ ነጥብ። ለሐጂ ሳሳያቸው «ይኼማ የተነደፈ ጥጥ ነው» አሉ፤ ስልካቸው ላይ ያዩት መርከብ መብራት ሁሉ ነበረው። እኔ ግን አልተከፋሁም። የሚታየው አስኳሉ ሳይሆን ዙሪያውን የከበበው ጋዝና አቧራ ነው። የአስኳሉን ስፋት ሃብል ቴሌስኮፕ ከ440 ሜትር እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደሚሆን ገምቷል። ኤጀንሲው ራሱ ያን ከማርስ መለየት ጨረቃ ላይ የተቀመጠ ሞባይል ከምድር ለማየት እንደመሞከር ነው ብሏል።

የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ማርስን የሚዞረው፣ ከዚህ የተሻለ ካሜራ አለው። ሃይራይዝ ይባላል። ከ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲያይ አንዷ ፒክስል 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ የሐጂና የእኔ ክርክር እንኳ ይታየው ነበር። ወደ እንግዳዋ ሲዞር ግን ርቀቱ መቶ ሺህ እጥፍ ስለሆነ አንዷ ፒክስል 30 ኪሎ ሜትር ሆነች። ከጅማ ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ ከግማሽ በላዩ በአንዲት ነጥብ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ያችን ድንጋይ እዚያ ውስጥ ፈልግ።

ያ ፎቶ መስከረም 22 ተነስቶ ኅዳር 10 ነው የወጣው። ቲክቶከሩ «ደብቀውታል» ያለው ይህን ነው። የሆነው ግን የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ጭቅጭቅ ምክንያት ከመስከረም 21 እስከ ኅዳር 3 መሥሪያ ቤቶቹን መዝጋቱ ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ማኅተም የያዘው ሰው የለም፤ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ለሱ ግን አንድ ያሳፈረኝን ታሪክ መናገር አለብኝ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሴቃ አካባቢ አንድ የገጠር መንገድ እንቀይስ ነበር። እኔ አዲስ ነኝ፣ አለቃዬ ጋሼ ደግሞ በቴዎዶላይት፣ በድሮው የማዕዘን መለኪያ፣ ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ሌላ ቦታ ሄደው እኔን ብቻዬን ለቀቁኝ። የመነሻ ነጥቡን፣ መሐሉ ላይ ሚስማር ያለበትን የሲሚንቶ ድንጋይ፣ አገኘሁት፤ የመሣሪያውን እግር ዘረጋሁ፣ የውሃ ልኩን አረፋ መሐል አመጣሁ፣ ወደ ኋላ ያለውን ነጥብ አይቼ አቅጣጫዬን ያዝኩ። ወደዚያ ነጥብ ያለውንም ርቀት ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ነበረብኝ። ዝናብ እየመጣ ስለነበር ዘለልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ለካን። ንባቡ አንዱ ከአንዱ ጋር ሲታይ እንከን አልነበረውም።

ወረቀት ላይ ሲወርድ መንገዱ በአንድ ገበሬ ማድ ቤት መሐል ያልፋል።

ለጋሼ ማዕዘኖቹን፣ ርቀቶቹን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አንዱንም አላዩም። መነጽራቸውን አወለቁና «መሬቱን ተወው፣ አንተ የት ነበርክ?» አሉኝ።

ሄደን አየን። ሰውየው ማሳውን ሲያስተካክል ድንጋዩ ቢያስቸግረው ነቅሎ፣ በአክብሮት፣ ሁለት ሜትር ፈቀቅ አድርጎ ተክሎታል። «የመንግሥት ነው ብዬ አልጣልኩትም» አለን። መነሻዬ ላይ ሁለት ሜትር የነበረው ስህተት፣ አቅጣጫዬንም ስላዞረብኝ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከዐሥር ሜትር በላይ ሆኗል። ሁለት ቀን ሙሉ የተከልነውን ችካል በሙሉ ብቻዬን ነቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ባመሳከርኩ ቁጥር የጋሼ ድምፅ ይሰማኛል።

እነዚያ አውሮፓውያን የገጠማቸው ችግር ይኸው ነው። ምድር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ቦታው የታወቀ ነው፤ በሲሚንቶ ተተክሏል፣ ኮኦርዲኔቱ ተጽፏል። ማርስን የሚዞር መንኮራኩር ግን በየሰከንዱ ኪሎ ሜትሮች እየተወረወረ ነው፤ ማርስም እሱን ይዛ ፀሐይን ትዞራለች። የት እንዳለ በተለምዶ ይታወቃል፤ ከሥሩ ያለን ገደል ፎቶ ለማንሳት የሚበቃውን ያህል። የሌላ ኮከብ እንግዳን መንገድ ለመለካት ግን ያ አይበቃም። ስለዚህ የኤጀንሲው የበረራ ስሌት ሰዎችና ከምድር ጋር ሊጋጩ የሚችሉ አካላትን የሚከታተሉት ባልደረቦቻቸው ከካሜራው ቡድን ጋር ተቀምጠው፣ እያንዳንዷ ፎቶ በተነሳችበት ቅጽበት መንኮራኩሩ ራሱ የት እንደነበረ ማስላት ነበረባቸው። የእንግዳዋን ቦታ ከመጠየቃቸው በፊት መንኮራኩሩን «አንተ የት ነበርክ?» አሉት።

ውጤቱ ጥቃቅን የሰማይ አካላትን ልኬት ወደሚሰበስበው ማዕከል ተልኮ ተቀባይነት አገኘ። ሌላ ፕላኔትን ከሚዞር መንኮራኩር የተገኘ እንዲህ ያለ ልኬት እዚያ መዝገብ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። እንግዳዋ ለማንም አታሰጋም። ሰዎቹ የሚያስቡት ግን አንድ ቀን የምታሰጋ ብትመጣና እንደዚህ በፀሐይ ማዶ ብትሸሸግስ ብለው ነው። ያኔ ከወዲያ በኩል የሚያይ ዓይን እንዳለ፣ ሥራውንም እንደሚችል ታወቀ። ለእኔ ከሃይራይዝ ፎቶ ይልቅ ይቺ የጥጥ ነጥብ ትበልጣለች።

ሌሎችም አይተዋታል። የቻይናዋ ቲያንወን-1 ከማርስ ምህዋር አንስታታለች። ሜቨን የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ደግሞ ቅርጿን ትታ በአልትራቫዮሌት ሃይድሮጂኗን ፈለገች። ከበረዶው የሚወጣውን ውሃ የፀሐይ ብርሃን ሲሰባብረው ሃይድሮጂን ይበተናል፤ ሜቨን የእንግዳዋን ሃይድሮጂን ከማርስ ሃይድሮጂን ለይታ አሳየች። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ኅዳር 27፣ ከማርስ ጀርባ ገብታ ስትወጣ የሜቨን ድምፅ ጠፋ። ያሳዝናል። ወደ ጁፒተር እየተጓዘች ያለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ጁስም ኅዳር ላይ አይታታለች፣ ግን በዚያ ሰሞን ትልቁን አንቴናዋን እንደ ጃንጥላ ከፀሐይ መከለያ አድርጋው ስለነበር ያየችውን ቶሎ መላክ አልቻለችም። በአንድ ጃንጥላ ሁለት ሥራ፤ ይቺ ጅማ ያደገች መሆን አለባት።

ታኅሣሥ ሲገባ ልጄ እናያት አለች። በዓይን እንደማትታይ፣ ደህና ቴሌስኮፕ እንደምትፈልግ ነገርኳት። «ያንተ ዕቃ ሠላሳ ጊዜ ያጎላል ብለህ የለ?» ተያዝኩ።

በታኅሣሥ 10 ሌሊት ከዐሥር ሰዓት በኋላ ቶታል ስቴሽኑን ግቢ ውስጥ ተከልን። ጨረቃ የለችም፣ ሰማዩ ታጥቧል፤ ከሐጂ ግቢ የጀንፈል ሽታ ይመጣል። እንግዳዋ ያለችው አንበሳ በሚባለው የኮከቦች ምድብ ውስጥ ነው፤ አንበሳው በዚያ ሰዓት ልክ አናታችን ላይ ነው። ሰርቬየር የሆነ ሰው ችግሩ ገብቶታል። ቶታል ስቴሽን የተሠራው ማዶ ለማየት ነው፤ ወደ አናትህ ስታዞረው ማያው ከሥሩ ይገባና አንገትህን የምታስገባበት ቦታ ታጣለህ። መሬት ላይ ተኛሁ፤ አልሆነም። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ቢሆንም ኖሮ እንግዳዋ በዚያ መስታወት የምትታይ አልነበረችም።

እንዳናፍር ወደ ምዕራብ አዞርኩትና ጁፒተርን ያዝኩላት። ደማቅ ክብ፣ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ነጥቦች። «ጨረቃዎቹ ናቸው» አልኳት። እንግዳዋ ስትወጣ መጋቢት 7 ቀን ከጁፒተር 54 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ እንደምታልፍ፣ እዚያም ጁኖ የምትባል መንኮራኩር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየዞረች እንደሆነ ነገርኳት።

«እሷስ የት እንዳለች ታውቃለች?» አለች ልጄ።

ሐጂ ለሱብሂ ሊወጡ በባትሪ ቡናቸውን ሲያዩ አገኙን።

«ኢንጂነር! በሌሊት ደግሞ የማንን መሬት ነው የምትለካው?»

ጁፒተርን አሳየኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ዕቃውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይኼን ያህል የሚያይ ከሆነ፣» አሉ፣ «ወደ አጥሩ አዙረው።»

«እሺ ሐጂ፣ ሲነጋ አዞረዋለሁ። መጀመሪያ ግን እርስዎ ያንን አርባ ሳንቲም ከየት ተነስተው ነው የለኩት?»

«ከቡናው ማስጫ አልጋ ነዋ።»

አልጋው በየዓመቱ ለቀማ ሲያልቅ ይነቀላል፤ በመጪው ጥቅምት እንደገና ይተከላል።